ዝም ያለው ዲስክ

ፎቶግራፉ ላይ መጀመሪያ ዓይን ውስጥ የሚገቡት የሟቹ እጆች ነበሩ። ቀኙ የፍሬኑን እጀታ እንደጨበጠ ደርቋል፤ እጀታውም ከጭመቃው ብዛት ጎብጧል። ግራው ክፍት ነው። ጣቶቹ ተዘርግተው መንገድ ዳር ለቆመ ሰው ሰላምታ የሚሰጥ ይመስላል። የቀረው አካሉ ባይታይ ይሻላል። ከገደሉ ስር ያለው የድንጋይ ካባ ጥልቅ ነው፤ ሰውየው ደግሞ ከነወንበሩ ነው የገባበት።

መርማሪዋ ፎቶግራፉን ይዛ ኩርባው ላይ ተንበርክካለች። አስፋልቱ ላይ አንድ ጥቁር የጎማ ጭረት አለ። መንገዱ ወደ ቀኝ ሲዞር ጭረቱ ወደ ግራ ይሄድና ገደሉ ጫፍ ላይ ያልቃል። የፖሊስ አዛዡ ከኋላዋ ቆሞ የመኪናውን ቁልፍ ያንቀጫቅጫል።

«ነገሩ ያለቀለት ነው» አላት። «መካኒኩ ገፍቶታል። ነገ ክስ ይመሠረትበታል። አንቺን የጠራሁሽ ፋይሉ የሁለተኛ ሰው ፊርማ ስለሚፈልግ ነው።»

«ለፊርማ ከሆነ ብዕር ይዘህ ቢሮዬ ትመጣ ነበር።»

«ሰው ሁሉ አይቶታል እኮ።»

«ሰው ሁሉ ምን አየ?»

እያዛጋ ነገራት። ሟቹ ከቁልቁለቱ አናት ላይ ያለው ጋራዥ ባለቤት ነበር። ጋራዡ የሚሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጀርባን ደገፍ፣ እግርን ወደ ፊት ዘርጋ አድርገው የሚነዱት ባለሦስት ጎማ ብስክሌት። የቤቱ ሰዎች «ጋደሜ» ይሉታል። ሁለት ጎማ ከፊት፣ አንድ ከኋላ አለው። የዲስክ ፍሬን ያላቸው የፊቶቹ ናቸው። የቀኙ እጀታ የቀኙን ጎማ፣ የግራው እጀታ የግራውን ይይዛል። አዲስ ጋደሜ ጎማና ፍሬን በተገጠመለት ማግስት ባለቤቱ ራሱ ቁልቁለቱን ይወርድበታል። የገጠመው መካኒክ የወንበሩን ጀርባ ገፋ አድርጎ ይለቀዋል፤ ቤተሰቡና ደንበኞቹ ወጥተው ያያሉ። ባለቤቱ ኩርባው ጋ ሲደርስ ግራ እጁን አንስቶ ሰላም ይላቸዋል፤ በቀኙ ፍሬን ብቻ የውስጠኛውን ጎማ ያዝ አድርጎ እጥፍ ይላል። ጉራ ነው፤ ግን ዕድሜውን ሙሉ ሠርቶለታል። የሞተ ዕለትም ግራ እጁን አነሳ። ሰላም እንዳለ ገደል ገባ።

«ፍሬኑን የኛ ባለሙያ በማግስቱ አይቶታል፤ እንከን የለውም» አለ አዛዡ። «ፍሬኑ ደህና ከሆነ፣ ነጂውም ጎበዝ ከሆነ፣ የቀረው የመካኒኩ እጅ ነው። በዋዜማው ደግሞ ሟቹ ሰው ፊት ‹ደንቆሮ› ብሎ ሰድቦታል። መካኒኩም ‹ይኼ ቁልቁለት አንድ ቀን ይበላሃል› ብሎታል።»

«የት ነው የተያዘው?»

«እዚሁ። የሟቹ ሚስት ስትጮህበት ፖሊሶቹ ከኩርባው ላይ አፈፍ አድርገው ወሰዱት። ወደ ጋራዡ እንኳ አልተመለሰም። ሽማግሌ ነው፤ አንዴ ወህኒ ከገባ በሕይወት አይወጣም።»

የመጨረሻውን ያለው ስለ አየር ሁኔታ እንደሚያወራ ሰው ነው።

ጋራዡ ረጅም ክፍል ነበር፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ። ከካባው የወጣው ጋደሜ መስቀያ ላይ ተንጠልጥሏል። ወንበሩ ተቀዷል፣ የፊቱ ብረት ተጣሟል፣ የግራው ጎማ ላስቲክ አንድ ቦታ ላይ እስከ ውስጡ ተልጦ ጠፍጥፏል። የቀኙ ላስቲክ ግን እንደ አዲስ ነው። መርማሪዋ ይህን አየችና ፎቶግራፉን ደግማ አየች። የተጨመቀው የቀኙ እጀታ ነው። ተቆልፎ አስፋልቱን የጫረው የግራው ጎማ ነው።

ጎብጦ የቀረውን የቀኝ እጀታ ሳበችው። የቀኙ ጎማ ቆመ። የግራውን ሳበች። የግራው ቆመ። ሁሉም በቦታው ነው።

ከዚያ የግራውን ጎማ አሽከረከረችው። ጠርዙ ስለተጣመመ እንደ ሰካራም እየተወላገደ ዞረ። መሀሉ ላይ ያለው ዲስክ ግን በሁለቱ የፍሬን ሸራዎች መካከል አንድም ድምፅ ሳያሰማ አለፈ። ነጭ ወረቀት ከኋላው ይዛ አየችው። ከዲስኩ ግራና ቀኝ የሚታየው ክፍተት እኩል ነው፤ ቀጭን፣ እንደ ፀጉር። ሸራዎቹን የያዘው ብረት፣ መካኒኮች መንጋጋ የሚሉት፣ ድንጋይ መትቶት አንድ ጎኑ ተፍቋል።

«እንከን የለውም አልኩሽ» አለ አዛዡ።

«አዎ። እሱ ነው ያስጠላኝ።»

እጀታዎቹን ከፍሬኖቹ የሚያገናኙትን ሽቦዎች፣ ካቦዎቹን፣ በጣቷ እየዳሰሰች እስከ መንጋጋው ወረደች። ካቦ ብሎን ሲጠብቅበት ይነከሳል፤ ንክሻውም አይጠፋም። አዲስ በተገጠመ ካቦ ላይ አንድ ንክሻ ነው የሚጠበቀው። በእያንዳንዱ ላይ ሁለት አገኘች፤ አንዱ ብሎኑ ስር፣ ሌላው ወደ ጫፉ ወረድ ብሎ።

ዞር ስትል ከመስቀያው ጎን ግድግዳው ላይ ምስማር አየች። ምስማሩ ላይ ሁለት ጥቁር ጨርቆች ተሰቅለዋል። አንዱ አሮጌ ነው፤ ቅባት ጠጥቶ እንደ ቆዳ ደርቋል። ሌላው አዲስና አጭር ነው። ራሷ ላይ ልታስረው ሞከረች፤ ጫፎቹ አልደረሱላትም። ከስሩ ዝቅ ያለ የእንጨት ሳጥን አለ። ላዩ ላይ ሁለት ትናንሽ ጎድጓዳ ቦታዎች አሉ፤ ለዓመታት ሰው የቆመበት ደፍ እንደሚሆነው።

ሚስትየዋን ሳሎን ውስጥ አገኘቻት። ሁለተኛ ሚስት ናት፤ ጥቁሩ ልብስ ያምርባታል፣ እሷም ታውቃለች።

«እኔ ፍሬንና የበር እጀታ አልለይም እህቴ» አለች። «የማውቀው ባሌ መሞቱንና አልጋው መስፋቱን ነው።»

ጋደሜው ከካባው ወጥቶ ጋራዥ ከገባ በኋላ ማን ማን እንደገባ ተጠየቀች። ጋራዡ እስኪታሸግ ድረስ ሁሉም ተራ በተራ ገብተው መውጣታቸውን ሳታፍር ተናገረች። እሷ የገባችው የባሏን ሰዓት ፍለጋ ነው። አማችየው፣ የሟቹ ልጅ ባል፣ የገባው ምን ምኑ እንደሚሸጥ ሊያይ ነው። የእንጀራ ልጇ የገባችው ደም ልትጠርግ ነው፤ እሷ ብዙ ቆይታለች፣ ምክንያቱም ደሙ ብዙ ነበር። ሟቹ ሙያውን ለማን እንዳስተማረ ስትጠየቅ ሳቀች።

«ለማንም። ልጁን ራሷን ‹የሴት እጅ ለቀለም ነው› ይላት ነበር። ደንበኛ ሲመጣ መፍቻ የያዘች እንደሆነ ያስጥላታል።»

«የልጅ ልጅ የለውም?»

«አለችው እንጂ፤ አንዲት ፍሬ ልጅ። እናትየዋ ከሳምንት በፊት የባሏ ዘመዶች ጋ ላከቻት። የቀለሙ ሽታ ለሳንባዋ አይሆንም ብላ። ተወልዳ ያደገችበት ሽታ፣ ዛሬ አልስማማ አላት።»

አማችየው ሻጭ ነው፤ እንደ ሻጭም ብዙ ያወራል። የተሰበረው ጋደሜ መቼ እንደሚለቀቅ ጠየቃት፤ የኋላ ጎማውና ማርሹ ደህና ስለሆኑ። አባባ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጆሮአቸው ከሰው የተለየ እንደነበር ነገራት። እሱ አንድ ብሎን ሊያጠብቅ ሲሞክር እሳቸው ከሌላ ክፍል ሆነው «ተው፣ እጅህን ለመብያ አቆየው» ይሉት ነበር። ሠራተኛው በሙሉ በስውር «ጆሮው» እያለ ነው የሚጠራቸው። ዲስክ ሸራውን በትንሹ እንኳ ካሻሸ ምግብ አይወርድላቸውም። ለሌላውም እንዲወርድለት አይፈልጉም።

የሟቹ ልጅ የቀለም ክፍል ውስጥ ነበረች። ረጅም፣ ዝምተኛ ሴት ናት፤ ጣቶቿ ላይ ሰማያዊ ቀለም አለ። ለጥያቄው ሁሉ አጭርና ቀጥተኛ መልስ ሰጠች። ቀለም ቀቢ ናት፤ ከአባቷ ጋር ክፉም ደግም አልነበራትም። ደሙን የጠረገችው ሌላ የሚጠርገው ስላልነበረ ነው።

«መካኒኩ ይገፋዋል ብለሽ ታምኛለሽ?»

«ጋሼ ዝንብ እንኳ…»

አቆመች። ባሏ አንድ ያለቀ ጋደሜ በግቢው እየገፋ ያልፍ ነበር፤ ከአንደኛው ጎማ እስስ… እስስ… የሚል፣ ከትንፋሽ የማይበልጥ ድምፅ ይወጣል። ልጅየዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ድምፁ እስኪርቅ አንድም ቃል አልወጣትም።

«ምን እያልኩሽ ነበር?»

«ዝንብ» አለች መርማሪዋ።

መካኒኩ በእስር ቤቱ አግዳሚ ላይ ጫማውን አውልቆ ተቀምጧል። ወደ ሰባዎቹ የሚጠጋ፣ ንዴቱ ከፍርሃቱ የሚቀድም ሰው ነው። ፍሬኑ እንከን እንዳልተገኘበት ስትነግረው ደረቱን ነፋ።

«የኔ ሥራ ነዋ! ሌላ ማን ሊሠራው?»

«ጋሼ፣ ይህን ነገር ፍርድ ቤት እንዳይደግሙት። በእርስዎ ሥራ ነው የሚሰቅሉዎት።»

 መርማሪዋ ወረቀቱን አውጥታ ክፍተቱ ምን ያህል እንደነበር በእርሳስ አሳየችው፤ ከዲስኩ ወዲህና ወዲያ እኩል።

አሮጌው ሰው ወረቀቱን ወደ መብራቱ አስጠጋው። «ይኼ የኔ አይደለም» አለ ቀስ ብሎ። «በነዚህ ፍሬኖች የሚንቀሳቀሰው አንዱ ሸራ ብቻ ነው። እኔ ቋሚውን ሸራ ወደ ዲስኩ አስጠጋለሁ፣ ለሚንቀሳቀሰው ሰፋ አደርግለታለሁ። ሁሉም መካኒክ እንደዚያ ነው። እኩል የሚያደርገው እሱ ብቻ ነበር። በዓይን አይደለም የሚሠራው፤ ዓይኑን በጨርቅ አስሮ፣ በጆሮ።»

«እሱ ማን?»

«ሟቹ።»

«ሟቹ ከሞተ በኋላ የገዛ ፍሬኑን አስተካከለ ማለት ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ መርማሪዋ አንቺ ነሽ። እኔንም ዓይኔን ሊያስር ሞክሮ ነበር፤ መፍቻውን እግሩ ላይ ጥዬለት ወጣሁ። ትልቅ ሰው እንደዚያ አይማርም አልኩት። እሱም ‹እውነትህን ነው፣ በልጅነት ነው የሚጀመረው› አለኝ።»

መርማሪዋ ወረቀቱን አጣጥፋ ተነሳች።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሚስትየዋ ብቸኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች። አማችየው ሥራ እንደሚፈታ አጉረመረመ። ልጅየዋ ከባሏ ራቅ ብላ ቆመች። መካኒኩን ሁለት ፖሊሶች ካቴና እንዳጠለቀ አመጡት። አዛዡ የክሱን ወረቀት ብብቱ ስር ይዟል። መሀል ላይ፣ መስቀያው ላይ፣ አንድ ለደንበኛ የተዘጋጀ ጋደሜ ተሰቅሏል። መርማሪዋ ከጎኑ ቆመችና የቀኙን ጎማ በእጇ መታ አደረገችው።

እስስ… እስስ… እስስ…

«ከጭረቱ እንጀምር» አለች። «አስፋልቱ ላይ ያለው ጭረት አንድ ነው፤ የተላጠው ላስቲክ የግራው ነው። ስለዚህ ኩርባው ላይ የተቆለፈው የግራው ጎማ ነው። ሟቹ ግን በግራ እጁ እናንተን ሰላም እያለ ነበር። የጨመቀው በቀኙ ነው፤ እጀታውን እስኪያጎብጠው። ቀኙን ሲጨምቅ የያዘው ግራው ነው ማለት ነው።»

ጎማው ሊቆም ሲል ደግማ መታችው። እስስ… እስስ…

«መካኒኩ ገጥሞ ከሄደ በኋላ፣ ሌሊቱን፣ አንድ ሰው ካቦዎቹን አጠላልፏቸዋል። የቀኙ እጀታ ወደ ግራው ጎማ፣ የግራው ወደ ቀኙ። ከአናቱ ላይ ሁለቱንም አንድ ላይ ጨምቆ ሲሞክራቸው ሁለቱም ያዙ፤ ምንም አልጠረጠረም። ኩርባው ላይ በልማዱ ቀኙን ብቻ ሳበ። ወደ ቀኝ ሊያዞረው የሚገባው ፍሬን ወደ ግራ ወሰደው። ባሰበት ቁጥር አጥብቆ ጨመቀ፤ ባጠበቀ ቁጥር ወደ ገደሉ ዞረ።»

«ግን እኮ አሁን አልተጠላለፉም» አለ አዛዡ።

«አሁን አልተጠላለፉም። ሲጠላለፉ መንገዳቸው ስለሚረዝም ብሎኑ የካቦውን ጫፍ ነክሶታል። ወደ ቦታቸው ሲመለሱ ደግሞ ከፍ ብሎ ነከሳቸው። ሁለት ንክሻ። የመለሳቸው ሰው ጋደሜው ከካባው ወጥቶ ጋራዡ እስኪታሸግ ባለው ጊዜ ነው የሠራው። በዚያ ሰዓት መካኒኩ እስር ቤት ነበር።»

መካኒኩ ወደ አዛዡ ዞሮ ካቴናውን ዘረጋ። አዛዡ እንዳላየ ሆነ።

እስስ… እስስ… ልጅየዋ ክንዶቿን አጣጥፋ ነበር፤ አሁን ጣቶቿ የገዛ ክንዷን ይቆነጥጣሉ።

«ሌላ ምንም ባይነካ ኖሮ ገዳዩን ባላገኘሁት» አለች መርማሪዋ፤ ድምፅዋ ደረቅ ነው። «ካቦውን መልሶ ብሎኑን አጥብቆ ቢሄድ ይበቃው ነበር። ከገደል የወደቀ ፍሬን ቢያሻሽ ማን ይገረማል? መንጋጋው ተመትቷል፤ ማሻሸት ነበረበት። ግን ያ ሰው ሲያሻሽ ትቶት መሄድ አልቻለም። ሬሳው ገና ሳይታጠብ ቁጭ ብሎ በፀጉር ልክ አስተካከለው፤ እኩል፣ ልክ ሟቹ እንደሚያደርገው። ፖሊስም አይቶ ‹እንከን የለውም፣ ስለዚህ ተገፍቶ ነው› አለ። አንድ ንጹሕ ሰው ሊሞት የደረሰው ፍሬኑ በጣም ጥሩ ስለሆነ ነው።»

«ታዲያ ባሌ ማንንም አላስተማረም ይባላል» አለች ሚስትየዋ።

«ይባላል።» ጎማውን በኃይል መታችው። «ግድግዳው ላይ ግን አሮጌ ጨርቅ አለ፣ ከስሩም ሁለት ትናንሽ እግሮች የቦረቦሩት ሳጥን…»

ንግግሯን አላቋረጠችም፤ ስለ ሳጥኑ፣ ስለ እንጨቱ ዓይነት፣ ማንም ስለማይፈልገው ነገር ቀስ ብላ ማውራቷን ቀጠለች። ጎማው እስስ ይላል። አማችየው ሰዓቱን ያያል። ሚስትየዋ ጥፍሯን ታያለች።

ልጅየዋ ከቆመችበት ተነቀለች። ማንንም ሳታይ በሰዎቹ መካከል አለፈች፤ እጇ ግድግዳው ላይ ከተደረደሩት መፍቻዎች መካከል አንዱን፣ ሳትመለከት፣ አነሳ። ጋደሜው ጎን በጉልበቷ ተቀመጠች። ዓይኖቿን ጨፍና ነበር። በግራ እጇ ጎማውን እያዞረች፣ በቀኟ የቋሚውን ሸራ ብሎን ዳሰሰችና በጣም በትንሹ መለሰችው። እስ… ከዚያ ምንም። ጎማው በዝምታ ዞረ።

ትከሻዋ ወረደ። ዓይኗን ስትገልጥ ሁሉም እያዩዋት ነበር።

«ቀለም ቀቢ ነኝ አላልሽም?» አለች መርማሪዋ።

ባሏ አፉን ከፍቶ ቀረ። ሚስትየዋ ብቻ ራሷን ነቀነቀች፤ ሲያጠራጥራት የኖረ ነገር እንደተፈታላት ሰው።

ልጅየዋ ከወለሉ ሳትነሳ ተናገረች፤ አላለቀሰችም። ከልጅነቷ ጀምሮ አባቷ ዓይኗን አስሮ ሳጥኑ ላይ ያቆማት ነበር። ካሻሸ እራት አልነበረም። ሲያሻሽ አድሮ ከተገኘ ቁርስም የለም። የዚህ ቤት ዝም ያለ ዲስክ በሙሉ የሷ ነው፤ ስሙ ግን የአባቷ። ይህን ሁሉ ችላ ኖራለች።

«ባለፈው ሳምንት ወደዚህ ስገባ ጨርቅ ይቆርጥ ነበር» አለች። «አጭር ጨርቅ፣ በልጄ ራስ ልክ። ‹ሳጥኑ ገና ጠንካራ ነው› አለኝ። ደስ ብሎት ነበር።»

«ጋሼ ሲታሰርስ?»

«አደጋ ነው ይላሉ ብዬ ነበር።»

«አላሉም። ነገሩ ሲገባሽ ምን አደረግሽ?»

 ወደ መካኒኩ ቀና አለች። «ጋሼ…»

አሮጌው ሰው እሷን አላያትም። ጎማውን ነበር የሚያየው። «እኩል አደረግሽው» አለ። «ቋሚውን አስጠግተሽ ወዲያኛውን ማስፋት ነበረብሽ። እንደ ሰው ብትሠሪው ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር።»

አዛዡ የመካኒኩን ካቴና ፈታና ወደ ልጅየዋ ሄደ። መርማሪዋ ጋ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አባትየው ያሰቃያት በነበረው ነገር እኮ ነው የያዝሻት» አላት።

«ሌላ ማስረጃ ነበረህ?»

አልነበረውም። ካቴናው ቀጨ ሲል ልጅየዋ ከተሰቀለው ጋደሜ ዓይኗን አልነቀለችም።

«ግራውም ያሻሻል» አለች። «ቅድም ስትሰቅይው ሰምቼዋለሁ። አንድ ደቂቃ ብቻ።»

«አይቻልም» አለች መርማሪዋ።

«ለደንበኛ የሚሄድ ነው እኮ።»

«አይቻልም አልኩሽ።»

ወደ በሩ ወሰዷት። ባሏ ከኋላ ከኋላዋ እየተከተለ ብሎኑ ወደ የት እንደሚዞር ይጠይቃታል፤ ጋደሜው ከሰዓት ተረካቢ አለው።  ደፉን ስትሻገር ሚስትየዋ ከወንበሯ ተነሳች፣ ቀሚሷን አስተካከለች፣ ወደ መስቀያው ሄደችና በጫማዋ ጫፍ የግራውን ጎማ መታችው።

እስስ… እስስ… እስስ…

ግቢው ረጅም ነው። ልጅየዋ መኪናው ጋ እስክትደርስ፣ እጆቿ ታስረው ስለነበር፣ ጆሮዋን መድፈን አልቻለችም።